ባዶ ሆኖ የተመለሰው ፋይል፦ ሲ ላይ ባይት በባይት ስናነብና ስንጽፍ የሚገጥሙን ጣጣዎች

ሲ (C) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድን ፋይል ባይት በባይት (ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የሚይዝ የፋይል ቁራጭ ነው) አንብቦ ሌላ ፋይል ላይ መጻፍ ሲያዩት ቀላል ነው። ፋይል መክፈቻው ኤፍ-ኦፕን፣ አንድ ዋይል ሉፕ (የሚደጋገም ትእዛዝ)፣ ውስጡ አንድ ባይት የሚያነበው ኤፍ-ጌት-ሲ እና አንድ ባይት የሚጽፈው ኤፍ-ፑት-ሲ፣ መጨረሻ ላይ መዝጊያው ኤፍ-ክሎዝ። አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ሲበላሽ ነው። ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ምንም አይልም። ፕሮግራሙም በሰላም ጨርሶ ይወጣል። የወጣው ፋይል ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ጭራው ላይ የማይታወቅ ምልክት ተለጥፎበታል፣ ወይ ጭራሽ አልከፈትም ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ኮዱ ላይ ያፈጣል። እኔ ኮዱን ከማየቴ በፊት የፋይሉን መጠን አያለሁ። የገባው ስንት ባይት ነው? የወጣውስ? ሊኑክስ ላይ ደብልዩ-ሲ የሚባለው ትእዛዝ ከሰረዝ-ሲ ጋር ይነግራችኋል። ዊንዶውስ ላይ ፕሮፐርቲስ ከፍቶ «ሳይዝ» የሚለውን ማንበብ ነው፤ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን እርሱት። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የት ሰፈር እንዳለ ይጠቁማሉ። ለምን እንደሆነ ከታች በየተራ አሳያለሁ።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። አሳይመንቱ ፋይል ማመስጠር ነው። እያንዳንዱን ባይት አንብቦ ከአንድ ቁልፍ ቁጥር ጋር ኤክስ-ኦር ማድረግና (ሁለቱን ቁጥሮች በባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ጽፎ፣ በየቦታው ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0 ማድረግ) መጻፍ። ኤክስ-ኦር ሁለት ጊዜ ሲደረግ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ፣ ያው ፕሮግራም መልሶም ይፈታል። ቁልፍ አድርጋ የመረጠችው 30ን ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሞከረችው፤ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በአማርኛ የጻፈችውን አንድ ደብዳቤ ሰጠችው። ሲፈታ ከላይ በቁጥር የጻፈችው ቀን ብቻ ተመለሰ። የተቀረው የለም።

«አጎቴ፣ ሲ አማርኛ አይችልም መሰለኝ» አለችኝ።

ይህን ነገር ከብዙ ተማሪ ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሲ እንግሊዝኛም አይችልም። እሱ የሚያውቀው ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮችን ነው።

መጠኑን አየን። የተመሰጠረው ፋይል ከዋናው ጋር እኩል ነው፤ አንድ ባይት እንኳ አልጎደለም። ስለዚህ ማመስጠሩ ሠርቷል። የሚቆመው ሲፈታ ነው። ለምን ቆመ? ሁለት ምክንያት ብቻ ነው ሊኖረው የሚገባ፦ ወይ ፋይሉ በእርግጥ አልቋል፣ ወይ ማንበብ ላይ ችግር ተፈጥሯል። ይህን ለመለየት ከሉፑ ቀጥሎ ሁለት መስመር ጨመርን። አንዱ ኤፍ-ኢኦኤፍ (ፋይሉ አልቋል ወይ?) የሚመልሰውን፣ ሌላው ኤፍ-ኤረር (የማንበብ ችግር አለ ወይ?) የሚመልሰውን ያትማል፤ 0 ማለት «አይ» ነው። ሁለቱም 0 መለሱ። ማለትም ፋይሉ አላለቀም፣ የማንበብ ችግርም የለም። ሉፑ ግን አልቋል ብሎ ወጥቷል። ይህቺን ዘዴ ያዟት። ሁለቱም 0 ከሆኑ ሉፑን ያስወጣው ትክክለኛው የፋይል መጨረሻ አይደለም፤ መጨረሻ የመሰለው ሌላ ነገር ነው።

አሁን ኮዱን ማየት ይቻላል። የሚነበበውን ባይት የሚይዘው ቫሪያብል ቻር (አንድ ባይት ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ተብሎ ነው የታወጀው። ስህተቱ እሷ ናት።

ኤፍ-ጌት-ሲ የሚመልሰው ቻር አይደለም፤ ኢንት (ሰፋ ያለ ሙሉ ቁጥር) ነው። ከ0 እስከ 255 ያለ ባይት ወይም ኢኦኤፍ (የፋይል መጨረሻ ምልክት) ይመልሳል። ኢኦኤፍ ኔጌቲቭ ቁጥር ነው፤ በምናውቃቸው ኮምፓይለሮች ላይ -1። ሲደመር 257 ዓይነት መልስ አለ። ቻር ደግሞ የሚይዘው 256 ዓይነት ብቻ ነው። 257ቱን 256 ቦታ ላይ ስትጠቀጥቁት ሁለቱ አንድ ቦታ መደረባቸው አይቀርም። በኢንቴልና በኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ላይ ቻር ኔጌቲቭም ስለሚይዝ፣ 255 የሚለው ባይት ቻር ውስጥ ሲገባ -1 ይሆናል። ሉፑ አይቶት «ኢኦኤፍ ነው» ብሎ ይወጣል።

ግን ደብዳቤው ውስጥ 255 ከየት መጣ? እዚህ ጋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣን። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። የዩኒኮድን ቁጥሮች ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ሁልጊዜ 225 ነው። «ሰላም» ብላችሁ ጽፋችሁ ባይቶቹን ብታዩ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157 ታገኛላችሁ። 225 በባይነሪ 11100001 ነው። 30 ደግሞ 00011110። ኤክስ-ኦር ሲደረጉ 11111111። 255!

እና የተመሰጠረው «ሰላም» እንዲህ ሆነ፦ 255 150 174፣ 255 150 149፣ 255 150 131። እያንዳንዱ ፊደል በ255 ይጀምራል። ፕሮግራሙ ሲፈታ ቀኑን በሰላም አለፈ፤ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ፋይሉ ያለቀ መሰለው። ቻር የሚለውን ወደ ኢንት ቀየረችው፤ ደብዳቤው ሙሉውን መጣ።

ከሁሉ የገረመኝ ዕድሏ ነው። ቁልፉ 5 ቢሆን ኖሮ ያው ኮድ አማርኛውንም ያለ ችግር ይፈታው ነበር። ማርኳን ታገኛለች፣ ስህተቱም እዚያው ተቀምጦ ይቆያል።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ያንኑ ኮድ ዶርም ሆና አንድሮይድ ስልኳ ላይ ስታስኬደው ጭራሽ ማቆም እምቢ ብሏል፤ ፋይሉ ዝም ብሎ እያበጠ ሄደ። ሌላ በሽታ እንዳይመስላችሁ። የአንድሮይድ ስልኮች ላይ፣ በአርም ፕሮሰሰር፣ ቻር ኔጌቲቭ አይይዝም። እዚያ እውነተኛው -1 ሲመጣ 255 ይሆናል፣ 255 ደግሞ ከ-1 ጋር መቼም እኩል አይሆንም፤ ስለዚህ ሉፑ አያልቅም። ላፕቶፕ ላይ የተቆረጠ፣ ስልክ ላይ ማለቂያ የሌለው፣ ኮዱ ግን አንድ። ብዙ ተማሪ ስልኩ ላይ ነው ኮድ የሚለማመደው። ስለዚህ «ስልኬ ላይ እምቢ አለ፣ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሠራ» የሚል ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ቻርን ጠርጥሩ።

ይህ ስህተት ለረጅም ጊዜ ተደብቆ የሚቆየው ዩቲኤፍ-8 ስለሚሸፍነው ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲነድፉት 255 የሚለው ባይት ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ አድርገው ነው። ተራ የአማርኛ ጽሑፍ በቻር ኮፒ ብታደርጉ ምንም አይሆንም። ፎቶ ስትሰጡት ግን ጉዱ ይወጣል። የጄፔግ ፋይል የሚጀምረው በ255 እና በ216 ነው፤ ስለዚህ ኮፒው 0 ባይት ይሆናል። ኖትፓድ ላይ «ዩኒኮድ» ተብሎ የተቀመጠ ፋይልም እንዲሁ፤ እሱ የሚጀምረው በ255 እና በ254 ነው። ዊንዶውስ 10 በ2019 ያስተካከለው እስኪመጣ ድረስ የኖትፓድ መነሻ አቀማመጥ አማርኛን ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይር ስለነበር፣ «ዩኒኮድ» የሚለውን መርጠን ያስቀመጥን ብዙዎች ነን። የቆዩ የአማርኛ ፋይሎች ካሏችሁ ይህን አስቡ።

ወደ መጠኑ እንመለስ። የወጣው ፋይል ከገባው በ1 ባይት ብቻ ከበለጠስ? ኮዱን ሳላይ የምጠረጥረው «ኤፍ-ኢኦኤፍ እስካልሆነ ድረስ ቀጥል» የሚል ዋይል ሉፕ ነው። አባባሉ ሲነበብ ትክክል ይመስላል። ኤፍ-ኢኦኤፍ ግን ወደፊት የሚያይ አይደለም። እውነት ብሎ የሚመልሰው አንድ ንባብ ሞክሮ ካልተሳካለት በኋላ ነው። የመጨረሻው ባይት ተነብቦ ሲያልቅ ገና ምንም አያውቅም። ሉፑ አንድ ጊዜ ይደግማል፣ ኤፍ-ጌት-ሲ -1 ይመልሳል፣ ኤፍ-ፑት-ሲ ያንን -1 ባይት አድርጎ ይጽፈዋል። -1 ባይት ሲሆን ማን ነው? ያው 255። ጽሑፉ ጭራ ላይ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ካያችሁ እሱ ነው። መፍትሔው ሉፑን በኤፍ-ጌት-ሲ መልስ ማስተዳደር ነው፤ ኤፍ-ኢኦኤፍን ከሉፑ በኋላ ለምርመራ ብቻ ተጠቀሙበት።

መጠኑ እኩል ሆኖ ይዘቱ ሁሉ ከተበላሸ ደግሞ ቅንፍ ቁጠሩ። ዋይል ውስጥ ማንበቡን፣ መመደቡንና ከኢኦኤፍ ጋር ማወዳደሩን ባንድ መስመር ስትጽፉ፣ መመደቡ የራሱ ቅንፍ ከሌለው ሲ መጀመሪያ ያወዳድራል። ቫሪያብሉ የሚይዘው ባይቱን ሳይሆን የንጽጽሩን መልስ ነው፤ እሱም 1። የወጣው ፋይል ከዳር እስከ ዳር 1፣ 1፣ 1 የሚል ባይት ይሞላዋል፣ መጠኑ ግን ልክክ ነው። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ላይ ሰረዝ-ደብልዩ-ኦል የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ ኮምፓይለሩ ራሱ ቅንፍ ጨምር ይላችኋል። የቻሩን ስህተት ግን ላፕቶፕ ላይ አይነግራችሁም።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ኤፍ-ኦፕን ላይ የከፈታችሁበት ሁነታ ውስጥ «ቢ» የምትለዋ ፊደል ከሌለች ፋይሉ በጽሑፍ ሁነታ ነው የሚከፈተው። በጽሑፍ ሁነታ ሲነበብ 13 እና 10 ተከታትለው ከመጡ ወደ አንድ 10 ይጨመቃሉ፤ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ 10 ወደ 13 እና 10 ይዘረጋል። አንዱን በ«ቢ» ሌላውን ያለ «ቢ» ከከፈታችሁ፣ የመጠኑ ልዩነት ልክ የመስመሮቹን ቁጥር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ከመስመር ቁጥር ጋር ከገጠመ ሌላ ቦታ አትድከሙ።

የባሰው ግን 26 ነው። ድሮ ሲፒኤም የሚባለው ሲስተም የፋይልን መጠን የሚያውቀው በ128 ባይት ብሎክ ነበር። ጽሑፉ በትክክል የት ላይ እንዳለቀ ለማሳየት 26 የሚለውን ባይት ምልክት አደረጉት። ዶስ ወረሰው፣ ዊንዶውስም ከዶስ ወረሰ። እስከዛሬ በጽሑፍ ሁነታ 26 ሲገኝ ንባቡ ያቆማል። ይህን በዓይን ለማየት አንድ የፒኤንጂ ፎቶ፣ የሚነበበውንም የሚጻፈውንም ፋይል ያለ «ቢ» ከፍታችሁ፣ ኮፒ አድርጉ። ፒኤንጂ ሁልጊዜ በ137 80 78 71 13 10 26 10 ነው የሚጀምረው። 137፣ 80፣ 78፣ 71 ያልፋሉ። 13 እና 10 አንድ 10 ሆነው ይነበባሉ። 26 ላይ ንባቡ ያበቃል። ሲጻፍ 10 ተመልሶ 13 እና 10 ይሆናል። የወጣው ፋይል 6 ባይት ነው። ፒኤንጂን የነደፉት ሰዎች እነዚህን ባይቶች መጀመሪያ ላይ የደረደሯቸው እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ወዲያው እንዲታወቅ ብለው ነው። የምስጠራ አሳይመንት ላይ ደግሞ 26 ከየትም ሊመጣ ይችላል፦ ቁልፉ 58 ከሆነ፣ ባዶ ቦታ የሚባለው 32 ተመስጥሮ 26 ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ከመጀመሪያው ቃል አያልፍም። ሊኑክስ ላይ «ቢ» ኖረችም አልኖረችም ለውጥ የላትም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጻፏት።

ፕሮግራሙ መሃል ላይ ክራሽ አድርጎ፣ የወጣው ፋይል መጠን 4096 ወይም የሱ ብዜት ከሆነ፣ ክራሹ ያለው ፋይሉ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ኤፍ-ፑት-ሲ እያንዳንዱን ባይት ወዲያው ዲስክ ላይ አያሳርፍም። ባይቶቹ መጀመሪያ የሚጠራቀሙበት ባፈር እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ካልሞላ አይነሳም። ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 4096 ባይት ነው። ክራሹ ሲመጣ ባፈሩ ውስጥ የነበሩት አብረው ይጠፋሉ። በፕሪንት-ኤፍ እያተማችሁ የምትከታተሉ ከሆነም ያው ነው፤ የታተመው መልእክት ባፈር ውስጥ ቀርቶ «እዚህ መስመር አልደረሰም» ያሰኛችኋል። ለዲባግ የምታትሙትን ወደ ኤስቲዲ-ኤረር (የስህተት መልእክት መውጫው) ላኩት፤ እሱ ባፈር አይደረግም። ባይቱን ስታትሙም በቁጥር አትሙት፤ በፊደል ካተማችሁት 225 ብቻውን ተርሚናሉ ላይ ምንም አይነግራችሁም።

የክራሹ ምክንያት ራሱ ብዙ ጊዜ አማርኛ ነው፤ ማለቴ አማርኛው ያጋለጠው ስህተት። «እያንዳንዱ ባይት ስንት ጊዜ መጣ» የሚል መልመጃ አለ፤ 256 ቦታ ያለው አሬይ (የቁጥሮች ረድፍ) ይዛችሁ ባይቱን ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ታደርጉታላችሁ። ባይቱ ቻር ውስጥ ከሆነ 225 -31 ይሆናል፣ 136 ደግሞ -120። አሬዩ ላይ -31ኛ ቦታ የለም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ክራሽ ያደርጋል። ካልሆናችሁ አጠገቡ ያለ ሌላ ቫሪያብል በዝምታ ይበላሻል፤ እሱን ማደን ደግሞ ቀን ይፈጃል። ፊደል መሆኑን የሚያየው ኢዝ-አልፋ እና ወደ ትልቅ ፊደል የሚቀይረው ቱ-አፐር የሚባሉት ፈንክሽኖችም ላይ ኔጌቲቭ ቻር መስጠት አይፈቀድም። ኢንት አድርጋችሁ ከኤፍ-ጌት-ሲ የመጣውን እንዳለ ከሰጣችኋቸው ችግር የለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አማርኛ የሚፈርስበት አንድ ቦታ ይቀራል። ፋይሉን ከኋላ ወደፊት ገልብጡ የሚል መልመጃ ከተሰጣችሁ፣ ባይት በባይት የተገለበጠ «ሰላም» «ምላሰ» አይሆንም። 157 136 225 ብሎ ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ምንም ፊደል አይደለም። መስመር በየ80 ባይቱ ቁረጡ ሲባልም ያው ነው፤ 80 ለሦስት አይካፈልም፣ ሃያ ስድስት ፊደል ሄዶ ሃያ ሰባተኛው ይሰበራል። እዚህ ላይ ማወቅ የሚበቃው አንዲት ሕግ ናት፦ ከ128 እስከ 191 ያለ ባይት የፊደል መጀመሪያ አይደለም፣ የቀደመው ፊደል ቅጥያ ነው። ፊደል መቁጠር ከፈለጋችሁ ቅጥያ ያልሆኑትን ባይቶች ብቻ ቁጠሩ። መቁረጥ ከፈለጋችሁ ቅጥያ ያልሆነ ባይት እስኪመጣ ጠብቁ። ባይት ሳይሆን ሙሉ ፊደል የሚያነበው ኤፍ-ጌት-ደብልዩ-ሲ የሚባል ሰፊ ዓይነት አለ፤ ግን ሴት-ሎኬል (የቋንቋ ማስተካከያው) ሳይጠራ አማርኛ አያነብም፣ ከባይት ፈንክሽኖች ጋርም አንድ ፋይል ላይ አይቀላቀልም። ለአሳይመንት እኔ አልመክረውም።

ኤፍ-ኦፕን ነል ከመለሰ (ፋይሉን መክፈት ካልቻለ) ፒ-ኤረር የሚባለውን ፈንክሽን ጥሩት፤ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ፋይሉ «የለም» ካለ፣ አይዲኢው (ኮድ የምትጽፉበት ፕሮግራም) ፕሮግራሙን ከየትኛው ፎልደር እንደሚያስነሳ እዩ። ስሙ መጨረሻ ላይ ድርብ ቲኤክስቲ ይኖረው ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ አድራሻው ውስጥ ያለውን ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ ድርብ ማድረግም አትርሱ።

መፈተኛ ፋይል ከሌላችሁ እንዲህ ሥሩ። ከ0 እስከ 255 ያሉትን ባይቶች በተራ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ጽፋችሁ፣ በሁነታው ላይ «ቢ» ጨምራችሁ፣ 256 ባይት የሆነ ፋይል አውጡ። 10፣ 13፣ 26፣ 225፣ 255 ሁሉም ውስጡ አሉ። ይህን ፋይል ኮፒ አድርጉት፤ የምስጠራ ሥራ ከሆነም አመስጥራችሁ ፍቱት። ከዚያ ሲኤምፒ በሚባለው ትእዛዝ ከዋናው ጋር አወዳድሩ። ልዩነት ካለ የመጀመሪያውን የተለየ ባይት ቦታ ይነግራችኋል። ሰረዝ-ኤል ከጨመራችሁ ሁሉንም ይዘረዝራል፤ እዚያ ላይ ባይቶቹን በኦክታል (በስምንት መሠረት) ስለሚጽፋቸው 377 ካያችሁ 255 ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤፍሲ የሚባለው ትእዛዝ ከስላሽ-ቢ ጋር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።